የሊኑክስ ታይመር ለምን ያረፍዳል? ጠይቁኝ

ዛሬ ማታ ጊዜ አለኝ፣ ሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ላይ ታይመር (ጊዜ ጠብቆ የሚቀሰቅሰው ክፍል) ያስቸገራችሁ ጠይቁ። ከዛ በፊት ግን አንድ ነገር ለዩልኝ፣ ችግሩ ሰዓት ስታነቡ ነው ወይስ ተኝታችሁ ስትነሱ? ስንት ሰዓት ነው ሲባል የሚመልሰው ክሎክሶርስ ነው፣ በዚህ ሰዓት ቀስቅሰኝ ሲባል የሚቀሰቅሰው ደግሞ ክሎክ ኢቨንት። አብዛኛው ሰው ቀስቃሹ ሲያረፍድ የሚሰድበው ሰዓቱን ነው።

ጥ፦ ድራይቨር (ሃርድዌር የሚያዝ ኮድ) ውስጥ ኤምስሊፕ 1 (1 ሚሊሰከንድ ተኛ) ብዬ በኦሲሎስኮፕ (ሲግናል መለኪያ) ሳየው 8 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይሄዳል። ቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

መ፦ ቦርዱ ደህና ነው ወንድሜ። ኤምስሊፕ የሚቆጥረው በጂፊ ነው፣ ማለትም በከርነሉ የሰዓት ምት (ቲክ)፣ ከርነልህ ኤችዜድ (በሰከንድ የሚመታው ቲክ ብዛት) 250 ሆኖ ኮምፓይል ከተደረገ አንድ ቲክ 4 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ከዛ ያነሰ ነገር ጭራሽ አይታየውም፣ በዛ ላይ ቃል የገባልህ "ቢያንስ 1" እንጂ "ልክ 1" አይደለም፣ ወደላይ ያጠጋጋና ቀድሞ እንዳይነሳ ብሎ አንድ ቲክ ይጨምርበታል፣ 8ቱ የመጣው ከዚህ ነው። ኤችዜድ 100 ቢሆን እስከ 20 ታይ ነበር። ከ10 ማይክሮሰከንድ እስከ 20 ሚሊሰከንድ ላለው ዩስሊፕ ሬንጅ (ትንሹንና ትልቁን ጊዜ የምትሰጠው) ተጠቀም፣ እሱ በኤችአርታይመር (ቲክ በማይጠብቅ ረቂቅ ታይመር) ነው የሚሰራው። ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ግን እኩል አታድርጋቸው፣ ክፍተት ካገኘ ከሌላ ኢንተራፕት (ከሃርድዌር የሚመጣ ጥሪ) ጋር አብሮ ይቀሰቅስሃል።

ጥ፦ ኤችዜድን 1000 ባደርገውስ?

መ፦ ይሻሻላል። ግን ለአንድ ድራይቨር ብለህ ማሽኑን በሙሉ በሰከንድ 1000 ጊዜ ምን አስቀሰቀሰህ?

ጥ፦ የኔ ድራይቨር ማሽኑ ቡት ካደረገ (ከተነሳ) በኋላ ልክ በ5 ደቂቃው ይቆማል። ሁሌም 5 ደቂቃ! ላብድ ነው።

መ፦ ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። ጂፊስ (የቲኮቹ ቆጣሪ) ከዜሮ አይደለም የሚጀምረው፣ ሞልቶ ወደ ዜሮ ሊመለስ 5 ደቂቃ ሲቀረው እንዲጀምር ተደርጎ ሆን ተብሎ ነው የተሰራው። ለምን በለኝ፣ 32 ቢት ቆጣሪ በኤችዜድ 1000 የሚሞላው በ49.7 ቀን ነው፣ ማነው ቴስት ሲያደርግ 49 ቀን ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው? ስህተቱ ደንበኛ ቤት ሄዶ ከሚፈነዳ እዚሁ ጠረጴዛህ ላይ ይፈንዳ ነው ነገሩ። ኮድህ ውስጥ ጂፊስን በተራ የ"ይበልጣል" ምልክት ያወዳደርክበትን መስመር ፈልግና በታይም አፍተር ማክሮ (ከርነሉ ያዘጋጀው ማወዳደሪያ) ቀይረው፣ ማክሮው አንዱን ካንዱ ቀንሶ ውጤቱን ፖዘቲቭ ነው ኔጋቲቭ ብሎ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ቆጣሪው ቢዞርም አይሳሳትም። ማሽኔ 64 ቢት ነው ካልክ ደግሞ የሆነ ቦታ ጂፊስን 32 ቢት ቫሪያብል ውስጥ ጨምረኸዋል፣ እኔ ብሆን ከዛ ነበር የምጀምረው።

ጥ፦ የዳታቤዝ ሰርቨራችን ድንገት ቀርፋፋ ሆነብኝ፣ ሎጉ ላይ ቲኤስሲ አንስቴብል (ያልተረጋጋ) የሚል አየሁ። ይገናኛል እንዴ?

መ፦ በደንብ ነው የሚገናኘው እህቴ። ቲኤስሲ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ቆጣሪ ነው፣ ፕሮግራምሽ ሰዓት ሲፈልግ በቪዲኤስኦ (ከርነሉ ለፕሮግራሞች በሚያጋራው ኮድ) በኩል ከርነል ሳይገባ ያነበዋል። ከርነሉ ደግሞ በየግማሽ ሰከንዱ ከሌላ ሰዓት ጋር ያመሳክረዋል፣ ልዩነቱ በዛ ካለ ያባርረውና ኤችፔት ወይ ኤሲፒአይ ፒኤም ወደሚባሉት ሌሎች ቆጣሪዎች ይዞራል፣ እነሱን ለማንበብ ግን በሲስተም ኮል (ከርነሉን በመጥራት) ገብቶ ቺፑ ድረስ መሄድ አለ፣ ዳታቤዝ ደግሞ ሰዓት መጠየቅ ሥራው ነው፣ በቃ እዛ ጋ ነው የተንቀራፈፈው። ሲስ (/sys) ውስጥ ክሎክሶርስ ዜሮ ፎልደር ገብተሽ ከረንት ክሎክሶርስ የሚለውን ፋይል አንብቢው። ኬቪኤም (የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) ላይ ያለ ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ ኬቪኤም ክሎክ (ለቨርቹዋል ማሽን የተዘጋጀው ክሎክሶርስ) መኖሩን እዪ። "ቲኤስሲ ሪላያብል" ብለሽ ቡት ላይ ጻፊ የሚልሽን ግን ቶሎ አትስሚ፣ እሱ ቲኤስሲውን አያስተካክልም፣ የሚያመሳክረውን ተቆጣጣሪ ነው ዝም የሚያሰኘው። አንዳንዴ ማሽኑ ተጨናንቆ ተቆጣጣሪው ራሱ አርፍዶ በውሸት ይከሳል፣ ስለዚህ መልእክቱ በመጣበት ደቂቃ ማሽኑ ላይ ምን እንደነበር መጀመሪያ አጣሪ።

ጥ፦ የኔ ሰዓት በቀን 3 ሰከንድ ይቀድማል። ከርነል ባግ ነው?

መ፦ አይደለም። 3ን ለ86,400 ብታካፍለው 35 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 35) አካባቢ ነው፣ ሰዓቱን የሚመታው ተራ ክሪስታል እንደዛ ይስታል። ክሮኒ (ሰዓትን ከኢንተርኔት የሚያስተካክል ፕሮግራም) ጫንና እርሳው።

ጥ፦ በሲ ቋንቋ በየ1 ሚሊሰከንዱ ሴንሰር የሚያነብ ሉፕ ጽፌ ነበር፣ ቀስ በቀስ ወደኋላ ይቀራል።

መ፦ በየዙሩ "ከአሁን ጀምሮ 1 ሚሊሰከንድ" እያልክ ስለምትተኛ ነው፣ የማንበቢያው ጊዜም የመንቂያው መዘግየትም እየተደመረ ይሄዳል። ክሎክ ናኖስሊፕን በአብስታይም (በቁርጥ ሰዓት) ተጠቀም፣ የሚቀጥለውን መነሻ ሰዓት ራስህ አስልተህ ስጠው። ተራ ፕሮሰስ ላይ 50 ማይክሮሰከንድ የታይመር ስላክም (ከርነሉ እንዲያዘገይ የሚፈቀድለት ጊዜ) አለ፣ በሪልታይም ፖሊሲ (ቅድሚያ በሚያሰጠው) ከሮጥክ እሱ ይቀራል።

ጥ፦ ፕሪኤምፕት አርቲ (ከርነሉን ሪልታይም የሚያደርገውን) ብጭን ይሄ ሁሉ አይገላግለኝም?

መ፦ ግማሹን። እ.ኤ.አ. ከ2024ቱ ከርነል 6.12 ጀምሮ ዋናው ከርነል ውስጥ ስላለ ፓች ፍለጋ መሄድ ቀርቷል፣ ግን ፕሮሰሰሩ ጥልቅ ሲ ስቴት (ኃይል ቆጣቢ እንቅልፍ) ውስጥ ከተኛ መንቂያው ራሱ ጊዜ ይበላል፣ ኤስኤምአይ የሚባለው ደግሞ ፈርምዌሩ (ባዮሱ) ከርነሉን ሳያስፈቅድ ሲፒዩውን የሚነጥቅበት ነገር ነው፣ አርቲ ምንም አያደርገውም። ሳይክሊክቴስት (የመንቂያ መዘግየት መለኪያ) ላይ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ የሚል ትልቅ ቁጥር ካየህ ኤችደብሊው ላት ዲቴክት (የሃርድዌር መዘግየት ፈላጊ) አስኪድ፣ እዛም ላይ ከታየ ከርነሉ ነጻ ነው፣ ባዮስ ውስጥ ግባ።

ጥ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራዝቤሪ ፓይ 4 (ትንሿ ኮምፒውተር) ላይ ያለው ፕሮግራሜ የአንድ ደቂቃ ሥራ 3 ቀን ፈጀ ብሎ ይመዘግባል።

መ፦ ፓይ 4 የራሱ አርቲሲ (መብራት ሲጠፋም የሚቆጥር ሰዓት) የለውም፣ የድሮ ሰዓት ይዞ ይነሳና ኢንተርኔት ሲያገኝ ይዘላል፣ ዝላዩ መሃል ላይ ከገባ 3 ቀን ነው የሚመስልህ። ዲኤስ3231 የሚባለውን አርቲሲ ብትገጥምለት ጥሩ ነው፣ ዋናው ግን የፈጀውን ጊዜ በሪልታይም (በሚስተካከለው የቀን ሰዓት) ሳይሆን በሞኖቶኒክ ክሎክ ለካ፣ እሱ አይዘልም። ሰስፔንድ የሚደረግ ማሽን ላይ ከሆነ ደግሞ ቡትታይም፣ ሞኖቶኒክ በእንቅልፍ ጊዜ አይቆጥርም።