ቦክሰሯን ግዛ፤ ፑልሳሯ ካላስተኛችህ ግን ይህን ስማኝ

ከዲላ አንድ ወንድማችን ጽፎልኛል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ወደ ቡሌ ይወጣል፤ መንገዱ ግማሹ ኮረኮንች፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃ ነው። ከኋላው የክትባት ሳጥን ይጭናል። ባጠራቀመው ብር ሞተር ሳይክል ሊገዛ ነው፤ ወይ አዲስ ቦክሰር 150 ይገዛል፣ ወይ አንድ የሚያውቀው ሰው የሚሸጥለትን ያገለገለች ፑልሳር ኤንኤስ 200። «ሁሉም ሰው ቦክሰር ግዛ ይለኛል፤ እኔ ግን ፑልሳሯን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቢያንስ አምስት ዓመት ሳታስቸግረኝ እንድታገለግለኝ ነው የምፈልገው። እርስዎ ምን ይላሉ?» ይላል።

መልሴን ላስቀድምልህ ወንድሜ። ቦክሰሯን ግዛ። ግን «ቻይ ናት» ብዬ ብቻ ባልፈው ጎረቤትህ ከነገረህ የተለየ ነገር አልነገርኩህም፤ ስለዚህ ምክንያቱን በደንብ እንየው።

መጀመሪያ ለፑልሳሯ ልፍረድላት። ቦክሰር 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ አላት፣ ፑልሳሯ 23 ገደማ። ዲላ 1,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ቡሌ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። እና ቡሌ ስትደርስ ቦክሰርህ የቀራት ዘጠኝ ፈረስ ገደማ ነው። ሳጥኑን ጭና፣ አንተን ይዛ፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እያቃሰተች ነው የምትወጣው። ፑልሳሯ ከዚያ ሁሉ በኋላም እጥፍ ገደማ ጉልበት ይተርፋታል። ዳገቱን ትወጣዋለች ወይ ካልከኝ፣ አስፋልቱን እየዘፈነች ትወጣዋለች።

አስፋልቱ ሲያልቅ ነው ነገር የሚመጣው። ፑልሳሯ ጉተታዋን አሟልታ የምትሰጥህ ሞተሩ በደቂቃ 8,000 ዙር አካባቢ ሲሽከረከር ነው። ጭቃ ውስጥ ሁለት እግርህን እየጎተትክ በሰው እርምጃ ስትሄድ ማን ነው 8,000 የሚያስዞረው? ጋዝ ሰጠት ስታደርግ የኋላ ጎማው ይሽከረከራል፣ ጋዝ ስትለቅ ትጠፋብሃለች፣ በመሀል ፍሪሲዮኑን እየያዝክ እየለቀቅክ ሸራውን ትጨርሰዋለህ። ቦክሰር ጉተታዋን ከታች ጀምራ ነው የምትሰጥህ። ቀርፋፋ ናት የሚሏት ለዚህ ነው፤ አንተ ደግሞ የምትፈልገው ቀርፋፋውን ነው።

ቀጥሎ ራዲያተሩ። ቦክሰር በነፋስ ነው የምትቀዘቅዘው፤ ሲሊንደሯ ላይ ያሉትን ክንፎች በብሩሽ ካጸዳህላት ሌላ አትጠይቅህም። ፑልሳሯ ግን በውሃ ነው የምትቀዘቅዘው። ራዲያተሯ ደግሞ ከፊት ጎማው ኋላ፣ ጭቃው በሚረጭበት ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው። አንድ ቀን አንዲት ውሃ የምትጠቀም ስፖርት ሞተር በአይሱዙ ተጭና ጋራዤ መጣችልኝ። ስሟን ልተወው፤ ጥፋቱም የሷ አልነበረም። ልጁ ራዲያተሩ ጭቃ እንደ ልስን ተለስኖበት እየነዳ ሞተሩ ሲግል ከወንዝ ውሃ ቀድቶ ሞላበት፣ ማስጠንቀቂያ መብራቱንም አይቶ እንዳላየ ነዳ። የዘይት ክዳኑን ስከፍተው ያየሁት ማኪያቶ ነው። የምሬን ነው፣ ከነአረፋው። ውሃና ዘይቱን ለያይቶ የሚያሽገው ጉርኒሲዮን ተቃጥሎ ሁለቱ ተቀላቅለዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው እኔ ጋ አልነበረም፤ መለዋወጫው አዲስ አበባ ታዞ መጣ፣ ልኩ አልሆነም፣ ተመለሰ፣ እንደገና መጣ። ልጁ ወር ሙሉ በባጃጅ ሥራ ተመላለሰ። ቦክሰር ብትሆን ኖሮ ማግስቱን ማታ ነድቷት ይሄድ ነበር።

የሞተርን ጥንካሬ የምለካው በዚህ ነው። ማክሰኞ ብትበላሽ ሐሙስ ሥራ ትገባለህ ወይ? የማይበላሽ ሞተር እስካሁን አላየሁም። የቦክሰር ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ካቴና፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ እዚያው ከተማህ ውስጥ ታገኛለህ። ገጠር ያለ መካኒክም አንድ ሲሊንደር፣ ሁለት ቫልቭ፣ አንድ ካርቡራተር ያለውን ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ፑልሳሯ አራት ቫልቭ አላት፣ ሦስት ካንዴላ አላት። አንዱ ካንዴላ ቢሞትም መሄዷን ስለማታቆም ባለቤቱ ቶሎ አያውቅም፤ «ቤንዚን አበዛች» ብሎ ነው የሚመጣው።

ቤንዚን ካነሳን አይቀር። ወረፋ ሲበዛ በሃይላንድ ጠርሙስ እየተሞላ መንገድ ዳር የሚሸጠውን እንደምትቀዳ አውቃለሁ፣ ሁላችንም እንቀዳለን። አንዳንዱ ላምባ የተቀላቀለበት ነው። ፑልሳሯ ቤንዚንና አየሩን 11 እጥፍ ነው የምትጨምቀው፤ እንዲህ ያለ ቤንዚን ስታጠጣት ዳገት ላይ ውስጧ እንደ ብርጭቆ ሲንኳኳ ትሰማለህ። ያ ድምፅ ፒስተን እየተደበደበ ነው። ቦክሰር የምትጨምቀው ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ይህን በተሻለ ትችላለች። ትችላለች ማለት ግን ትወደዋለች ማለት አይደለም።

ሌላም አለ፣ ማንም ያልነገረህ ይመስለኛል። የክትባት ሳጥኑን ፑልሳሯ ላይ የት ነው የምታስረው? የኋላ መቀመጫዋ ከፍ ያለና ጠባብ ነው፣ ዕቃ መጫኛ የላትም። ብየዳ ቤት ወስደህ ብረት ታስበይዳለህ፤ ያኔ እንቅልፍ የነሳህ መልኳ ራሱ ይበላሻል።

አሁን ደግሞ ቦክሰርን ልክሰሳት። እኔ ጋ ሞተራቸው ነክሶ፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ፣ ከሚመጡት ብዙዎቹ ቦክሰር ናቸው፤ የገደላቸውም ስማቸው ነው። «ቻይ ናት» ተብላ ዘይት አይታይላትም፣ ካቴናዋ እስኪንጠለጠል ትነዳለች፣ ፊልትሮዋ አፈር ይሆናል። የስፖርት ሞተር ያለው ልጅ በየጠዋቱ በጨርቅ ይወለውላታል፣ ትንሽ ድምፅ ከሰማም ሮጦ ይመጣል። የሚወዷትን ነው የሚንከባከቡት። ቦክሰሯን ገዝተህ ከጠላሃት አምስት ዓመት አትቆይልህም፣ ይህን ደግሞ ማንም መካኒክ አይጠግንልህም። ሞተሯ የምትይዘው ዘይት ከአንድ ሊትር ብዙም አይበልጥም፤ ትንሽ ከጎደለ ብዙ ጎደለ ማለት ነው። በየሳምንቱ እያት። አዲስ ሆና የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር በልክ ንዳት፣ ከዚያ ዘይቱን ቀይር። የመኪና ዘይት እንዳታደርግባት፤ በሞተር ሳይክል ውስጥ ፍሪሲዮኑም የሚነከረው እዚያው ዘይት ውስጥ ስለሆነ ሊያንሸራትትብህ ይችላል። ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚለውን አይተህ ግዛ። ካቴናው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይርገብ።

ይህን ሁሉ አንብበህ አሁንም ፑልሳሯ ዓይንህ ላይ ከመጣች፣ እንግዲህ የራስህ ብር ነው፤ ግን ሳታይ አትግዛ። በማለዳ፣ ሳትደውል ሂድ። መዳፍህን ሞተሩ ላይ አድርግ። ሞቅ ካለ ሻጩ ቀድሞ አስነስቷታል፤ ስትቀዘቅዝ ያላትን ጠባይ ሊደብቅብህ ነው። አስነሳና ጭሱን እይ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው፣ ወይ ፋሻው ወይ የቫልቭ ጎሚኒው አልቋል። ሞቃም ነጭ ጭሷ ካልቆመ ተመለስ፣ ዋጋም አትከራከር። የኋላውን ካቴና ከጥርሱ ላይ ይዘህ ወደ ኋላ ሳበው፤ የጥርሱ ግማሽ ከታየህ ካቴናውም ጥርሱም ይቀየራል። የፊት ጎማውን አስነስተህ መሪውን ቀስ ብለህ አዙር፤ መሀል ላይ ያዝ የሚያደርግህ ነገር ካለ ኩሽኔታው ተበልቷል፣ ምናልባትም ወድቃለች። ሻንሲና ሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክር። ማርሚታው ለድምፅ ተብሎ የተቀደደ ከሆነ ደግሞ እንዴት ስትነዳ እንደኖረች ያን ጊዜ ይገባሃል።

ቦክሰሯን ከገዛህ ሐዋሳ በመጣህበት ቅዳሜ ጎራ በል። ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላዋም ጥላሸት ትለብሳለች። ፈትተን እናያታለን፤ ጠቁራ ካገኘናት ለቡሌ በሚሆን መጠን አስተካክልልሃለሁ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።