በግምት ተሞልቶ ያነሰ የመብራት ቢል፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬው መላሽ በባሕር ዳር በቆጣሪ ንባብና በሒሳብ ማጣራት ሥራ ላይ ለረጅም ዘመን የቆዩ አባላችን ናቸው።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ ለስድስት ወር ትንሽ ቢል ሲመጣልን ቆይቶ በሰባተኛው ወር ከአቅማችን በላይ የሆነ ሒሳብ መጣብን። ምን ብለን እናመልክት?

መልስ፦ እንዲህ ያለው ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አንባቢው ግቢው ተዘግቶ ሲያገኘው ወይም ሳይደርስ ሲቀር ፍጆታው በግምት ስለሚሞላ ነው። ግምቱ ቢያንስም ቆጣሪው መቁጠሩን አያቆምም። በወር 150 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት በ90 ሲሞላለት ቢቆይ በየወሩ 60 ይወዘፋል፤ በስድስት ወር 360 ይሆናል፤ ቆጣሪው በትክክል በተነበበበት ወር ደግሞ ከወሩ ፍጆታ ጋር ተደምሮ 510 ሆኖ ይወጣል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ስለሆነ 150 ከ101 እስከ 200 ባለው ሲታሰብ፣ 510 ግን ከ500 በላይ ወዳለው፣ ከሁሉ ወደሚወደደው እርከን ይገባል። በዚያ ላይ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ በቀድሞው ዋጋ የተጠቀማችሁበት ኃይል በአዲሱ ዋጋ ይታሰብባችኋል። ስለዚህ የምትጠይቁት ዕዳው እንዲሰረዝ አይደለም፤ ኃይሉን ተጠቅማችሁበታል። የምትጠይቁት ፍጆታው በሰባቱ ወራት ላይ ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ወር በራሱ ታሪፍ እንደገና እንዲሰላ ነው። ያን ጊዜ 90ው በዝቅተኛ እርከን መከፈሉም ይስተካከላልና የቀደሙት ወራት ጥቂት ይጨምራሉ፤ ይህን አምናችሁ ሂዱ። ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን፤ ገቢ የሆነበትን ቁጥር ሳትይዙ አትውጡ፤ የቆጣሪውን ፎቶ አያይዙ።

ከዓባይ ማዶ፦ የኔም ቢል በዝቷል፤ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ያለፈው ንባብ ስንት ነው? የአሁኑስ? ቆጣሪው ላይ ዛሬ የሚታየው ቁጥርስ? ሦስቱን ሳያውቁ መልስ የለም።

ከፋሲሎ፦ ግምት ይሁን ንባብ በምን እንለያለን?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቢሉ ላይ «የአሁን ንባብ» የሚለውን ቁጥር ይዘው ወደ ቆጣሪው ይሂዱ። የቆጣሪው ቁጥር ከቢሉ በጥቂት ቀናት ፍጆታ ብቻ ከበለጠ ተነቧል፤ በመቶዎች ከበለጠ በግምት ተሞልቷል፤ ከቢሉ ካነሰ ደግሞ ያልተጠቀሙበትን እየከፈሉ ነው። በአሮጌው ባለ ዲስክ ቆጣሪ በቀይ የተከበበው የመጨረሻ አሃዝ ከነጥብ በኋላ ያለ ነውና አይቆጠርም፤ ብዙ ሰው ይህን ደምሮ ይጣላል። በዲጂታሉ ደግሞ ገጹ ስለሚቀያየር ኪሎዋት ሰዓት የሚለው እስኪመጣ ይጠብቁ። በየወሩ በአንድ ቀን፣ የቆጣሪው መለያ ቁጥር አብሮ እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሱ።

ከጊሽ ዓባይ፦ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ የሚሠራው በሐይቃችን ውኃ ነው። ለእኛ ዋጋው ሊቀንስ አይገባም?

ከዓባይ ማዶ፦ ኃይሉ የሚገባው ወደ ብሔራዊ ቋት ነው፤ ታሪፉም ለአገሩ ሁሉ አንድ ነው።

ከጊሽ ዓባይ፦ ጢስ ዓባይም እንዲሁ ነበር፤ የፏፏቴው ውኃ ሲቀንስ የተጎዳነው ግን እኛ ነን።

መልስ፦ ቅሬታው ሊደመጥ ይገባዋል፤ ነገር ግን የተሳሳተ ንባብን አያስተካክልም። ወደ ቆጣሪው እንመለስ።

ከዘጌ መንገድ፦ ምጣዱ ብቻውን ይህን ያህል ይበላል?

መልስ፦ 3,500 ዋት ምጣድ ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በወር ስምንት ጊዜ ከሆነ 56። ከዚህ በላይ ከሆነ ሌላ ምክንያት ይፈልጉ።

ተከራይ፦ አከራዬ ውዝፉን እኔ እንድከፍል ጠየቁኝ። የገባሁት ግን ከሁለት ወር በፊት ነው።

አከራይ፦ ቆጣሪው በእኛ ስም ስለሆነ የሚቆረጠው በእኛ ላይ ነው። ተከራይ ከፍሎ ካልወጣ ማንን እንጠይቅ?

መልስ፦ ሁለታችሁም የመግቢያውን ቀን ንባብ አልያዛችሁም፤ ጠባችሁም ከዚያ የመጣ ነው። የውዝፉ ወራት በማመልከቻው ሲለዩ ተከራዩ የሁለቱን ወር ብቻ ይክፈል። ወደፊት ቁልፍ ስትረካከቡ ቁጥሩን ጽፋችሁ ተፈራረሙ።

ከሐሙሲት፦ ቢላችን በዛ፤ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከላይ ያለውን ያንብቡ። ፎቶ ያንሱ።

ከሽምብጥ፦ እስኪጣራ ድረስ አንክፈል?

መልስ፦ ዝም ብሎ መቅረት መስመር ያስቆርጣል። ማመልከቻውን ስታስገቡ የወሩን ትክክለኛ ፍጆታ ከፍላችሁ ቀሪው እስኪጣራ እንዲቆይላችሁ፣ ካልሆነም በክፍያ እንዲከፋፈልላችሁ አብራችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ደረሰኙንም አስቀምጡ።