የቢራ ጋዝ በብሎኬት ውስጥ

የግንባታ ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከወሎ የደረሱንን አራት ጥያቄዎች እናስተናግዳለን። ሁሉም የሚያጠነጥኑት ከፋብሪካ ተሰብስቦ በታሸገ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሕዝብ ግንባታ የሚውል ኮንክሪትና ብሎኬት መሥራት ይቻል እንደሆነ ነው።

ጥያቄ፦ የመንገድና የውኃ መውረጃ ቦይ ሥራዎችን እከታተላለሁ። ኮንክሪት ሲቦካ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢጨመርበት ጋዙ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል ሲባል ሰማሁ። እውነት ከሆነ በጨረታ ሰነዳችን እንዴት እናስገባው? (መሐንዲስ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ድንጋይ መሆኑ እውነት ነው። ሲሚንቶ ውኃ ሲነካው የሚለቀው ካልሲየም ጋዙን ይዞ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል፤ ያው የኖራ ድንጋይ ማለት ነው። ከሲሚንቶ ምርት ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 60 በመቶ ያህሉ ከዚሁ ድንጋይ መቃጠል የሚመጣ ነው፤ ቀሪው ከማገዶው። ስለዚህ ሥራው የወጣውን በጥቂቱም ቢሆን ወደ ቤቱ መመለስ ነው።

ጥያቄው ስንት ይመለሳል የሚለው ነው። በእርጥብ ኮንክሪት ላይ የሚጨመረው ጋዝ ከሲሚንቶው ክብደት ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ነው። የለመዱትን ሲ-25 የሚባል የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ብለን ብናሰላው፣ የሚገባው ጋዝ ቢበዛ 1.08 ኪሎ ነው። ትርፉ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የሚፈጠሩት ደቃቅ የካርቦኔት ቅንጣቶች ኮንክሪቱን ስለሚያጠነክሩት፣ በሙከራ እስከተረጋገጠ ድረስ ሲሚንቶውን እስከ 5 በመቶ መቀነስ ይቻላል። 18 ኪሎ ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ቀረ ማለት ደግሞ 15 ኪሎ ገደማ ጋዝ ከነጭራሹ ከፋብሪካው አልወጣም ማለት ነው። ኮንክሪቱ ውስጥ የታሰረው አንድ ኪሎ፣ ሳይወጣ የቀረው አሥራ አምስት!

እንግዲህ መንገዱን የሚዘጋው ራሱ ሰነዱ ነው። ቢል ኦፍ ኳንቲቲው (የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩ) «ሲ-25፣ 360 ኪሎ ሲሚንቶ በሜትር ኩብ» ካለ፣ ተቋራጩ 18 ኪሎውን ሲቀንስ ውል አፈረሰ ይባላል፤ ካልቀነሰ ጋዙ የገባው ለስም ነው። የሚሻለው ጥንካሬውን፣ ስላምፑን (የእርጥቡን ኮንክሪት ልልነት ልክ) እና የውኃና የሲሚንቶውን ምጣኔ ጣሪያ ጽፎ የሲሚንቶውን ልክ ለሙከራ ቅልቅል መተው ነው። ሦስት ቅልቅል ይዘጋጅ፦ አንደኛው የተለመደው፣ ሁለተኛው ጋዝ ገብቶበት ሲሚንቶው ያልተነካ፣ ሦስተኛው ጋዝ ገብቶበት 5 በመቶ የተቀነሰለት። ከእያንዳንዱ ስድስት ስድስት ኪዩብ (ለሙከራ የሚሰበር የኮንክሪት ናሙና) ተወስዶ ሦስቱ በ7ኛው፣ ሦስቱ በ28ኛው ቀን ይሰበሩ። ሦስተኛው ከአንደኛው ካላነሰ ይፈቀድ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካዋ ሐዋይ ግዛት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያደረገው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ካፖሌይ በሚባለው ቦታ በአንድ የመዳረሻ መንገድ ላይ 115 ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ የገባበት ኮንክሪት አፍስሶ፣ ጎኑ ላይ ያንኑ ያህል የተለመደውን አፈሰሰ፤ ለማወዳደር።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር በሚመዝን ማቀነባበሪያ ነው። በሳጥን በሚሰፈርበት ሳይት 5 በመቶ የሚባል ልዩነት የለም፤ እርጥብ አሸዋ ሲያብጥ የሚያመጣው ስህተት ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። አፉ ክፍት የሆነ ትንሽ ሚክሰር ላይማ ጋዙን የሚወስደው ነፋስ ነው።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ግንባታ ብሎኬት አቀርባለሁ። ከተማችን ቢራ ፋብሪካ አላት፤ ከዚያ ጋዝ ባገኝ ብሎኬቱን ማጠንከር እችላለሁ? ስንት ይፈጃል? (ብሎኬት አምራች፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ከአራቱ ጥያቄዎች ለአገራችን ሁኔታ የሚቀርበው የእርስዎ ነው። ብሎኬት ፌሮ የለውም፣ ስስ ነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ጋዝ ይገባለታል። ጋዙም ቢሆን ጥሩ ጋዝ ነው። ጠላ ጋን ውስጥ ሲንተከተክ የሚታየው ይኸው ነው፤ ገብሱ ከአየር የወሰደው እንጂ ከነዳጅ የመጣ አይደለም። 5 በመቶ አልኮል ያለው 100 ሊትር ቢራ ሲብላላ 3.8 ኪሎ ገደማ ይወጣዋል። ቢራ ፋብሪካዎች ግን ከዚህ የሚሰበስቡትን ለራሳቸው ጠርሙስ መሙያ መልሰው ስለሚጠቀሙበት መጀመሪያ የሚጠየቀው ትርፍ አለ ወይ የሚለው ነው።

ስሌቱን እንይ። በአንድ ብሎኬት 1.5 ኪሎ ሲሚንቶ ቢኖርና በአንድ ቀን ከሲሚንቶው ክብደት 10 በመቶ ጋዝ ቢጠጣ፣ በብሎኬት 150 ግራም፣ በ1,000 ብሎኬት 150 ኪሎ ነው። የ4,000 ሊትር ቢራ ጋዝ መሆኑ ነው። ለሺው ብሎኬት የገባው 1,500 ኪሎ ኦፒሲ ሲመረት 1,200 ኪሎ ገደማ ጋዝ አውጥቷል፤ ስለዚህ የመለሱት አንድ ስምንተኛውን ነው። ትርፍ ጠፍቶ ከአዲስ አበባ ላስጭን ካሉ ደግሞ ይተዉት። ባለ 25 ኪሎ ሲሊንደር 20 የጫነ አይሱዙ ደርሶ መልስ 760 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ናፍጣ ቢፈጅ 400 ኪሎ ጋዝ መንገድ ላይ ይለቃል። የጫነው 500 ኪሎ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብሎኬቱ ከማሽኑ እንደወጣ ወደ ጋዝ አይገባም። ቀዳዳዎቹ ውኃ ሞልተው ስለሚቆዩ ጋዙ ቅርፊቱን ብቻ ነክቶ ይመለሳል። በጥላ አቆይተው ይመዝኑት፤ 600 ግራም ውኃ የገባበት ብሎኬት ከ200 እስከ 300 ግራም ሲቀንስ ደርሷል። ከዚያ በላይ ካደረቁት ደግሞ ጋዙ የሚሟሟበት ውኃ ያጣና ምንም ሳይሠራ ይቀራል፤ ሲነኩት ዱቄት የሚራገፈው ብሎኬት አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። ባቲ ላይ በሁለት ሰዓት የሚደርሰው፣ ደሴ ላይ ግማሽ ቀን ሊፈልግ ይችላል፤ ስለዚህ በሚዛን እንጂ በሰዓት አይሂዱ።

ክፍሉ በሩ በጎማ የታሸገ፣ ግድግዳው አየር የማያሳልፍ ይሁን። ብሎኬቶቹ በመካከላቸው ሁለት ጣት ክፍተት ይኑራቸው። ጋዙ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ስለሚከብድ ከታች ይግባ፣ አየሩ ከላይ ባለ ቱቦ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ውስጡ ትንሽ ማራገቢያ ያማስለው። የኮምቦልቻ ከፍታ 1,850 ሜትር ገደማ በመሆኑ አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ የሚመዝነው 1.5 ኪሎ ብቻ ነው። 150 ኪሎ ማለት 100 ሜትር ኩብ ጋዝ ነውና አንዴ ሞልቶ መዝጋት አይበቃም፤ ብሎኬቱ እየጠጣ ሲሄድ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቀስ እያለ መጨመር አለበት። ሲወጣም ውኃ ማጠጣቱ አይቀርም፤ የጠፋውን ውኃ የሚተካለት ያ ነው።

የሚያስቸግሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። ጋዙ ሲወጣ በጣም ስለሚቀዘቅዝ ሬጉሌተሩ በረዶ ሰርቶ ይዘጋል፤ ማሞቂያ ያለው ይግዙ፤ ከተዘጋም ለብ ያለ ውኃ እንጂ እሳት አያስጠጉ። ሁለተኛው ገዳይ ነው። ለስምንት ሰዓት ሥራ የሚፈቀደው በአየር ውስጥ 0.5 በመቶ ነው፤ 10 በመቶ ሲደርስ ሰው በደቂቃዎች ራሱን ይስታል። ሻማ አብርቶ መፈተሽ አይሠራም፤ ሻማው እየበራ ሰው ሊወድቅ ይችላል። መለኪያ መሣሪያ ይኑር፣ በሩ ተከፍቶ በማራገቢያ ይናፈስ፣ ማንም ብቻውን አይግባ።

ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ግን ሲጫንና ሲወርድ የሚሰበርብዎትን ይቁጠሩ። ከ100 ብሎኬት 13ቱ ከተሰበረ ጋዙ የሚመልሰው ሁሉ እዚያው አለቀ። ለዚያ መድኃኒቱ ጥላና የ7 ቀን ውኃ ነው።

ጥያቄ፦ ብሎኬቱን በሸራ ሸፍነን የከሰል ወይም የጄኔሬተር ጭስ ብንለቅበትስ? (ከሐይቅ)

መልስ፦ አይሞክሩት። ከሰል ሲታፈን የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ይገድላል። የናፍጣ ጭስ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጥቂት ሆኖ ጥላሸትና አሲድ ይዞ ይመጣል። ብሎኬቱ ይጠቁራል እንጂ አይጠነክርም።

ጥያቄ፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፌሮ ያዝጋል ሲባል እናውቃለን። ታዲያ ኮለንና ሶሌታ ውስጥ መጨመሩ እብደት አይደለም? (ተቋራጭ፣ ከወልድያ)

መልስ፦ ስጋትዎ ቦታ አለው፤ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፌሮን ከዝገት የሚጠብቀው የኮንክሪቱ አልካላይነት ነው፤ የአልካላይነቱ መለኪያ ፒኤች ከ12.5 በላይ ነው። ሲቦካ የሚጨመረው አንድ ኪሎ ጋዝ ወዲያው ድንጋይ ሆኖ ስለሚያልቅና መጠኑም ትንሽ ስለሆነ ይህን አያወርደውም። ብሎኬት ላይ የምናደርገው፣ የደረቀውን ኮንክሪት በጋዝ ማጥገብ፣ ግን ፒኤቹን ከ9 በታች ሊያደርሰው ስለሚችል ፌሮ ላለበት ሥራ አይሆንም። ጋዝ የጠገበ ብሎኬት ለግድግዳ፣ ለንጣፍና ለከርብስቶን ይዋል።

ለሕንፃዎ የሚያሰጋው ከታሸገው ይልቅ በአየር ውስጥ ያለው ጋዝ ነው። የሚገባበት ጥልቀት በጊዜው ካሬ ሩት ልክ ያድጋል። በመጀመሪያው ዓመት 4 ሚሊ ሜትር የገባ በ4ኛው 8፣ በ36ኛው 24 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ውኃ በዝቶበት የተቦካ፣ ቫይብሬተር ያልነካው ኮንክሪት በመጀመሪያው ዓመት 8 ካስገባ ግን 24 የሚደርሰው በ9ኛው ዓመት ነው። ከቨሩ (ፌሮውን የሚሸፍነው ኮንክሪት ውፍረት) 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፌሮው ጋ ደርሷል ማለት ነው፤ ስፔሰር (ማራራቂያው) ተረስቶ ፌሮው ፎርምወርኩን ከነካማ ከቨር የሚባል ነገር የለም።

የቆየ ሕንፃ ለመፈተሽ 1 ግራም ፌኖልፍታሊን የተባለ ቀለም አመልካች በ70 ሚሊ ሊትር አልኮል አሟሙተው 30 ሚሊ ሊትር ውኃ ይጨምሩበት። ኮንክሪቱን በመሮ ፈንቅለው፣ አቧራውን ጠርገው፣ በዚያው ሰዓት አዲሱ ስብራት ላይ ይርጩት። ሐምራዊ የሆነው ገና ጤነኛ ነው፤ ቀለም ያልያዘው ጋዝ የደረሰበት ነው። ከውጭ እስከ ሐምራዊው መስመር በሚሊ ሜትር ይለኩና ከከቨሩ ጋር ያስተያዩት፤ አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ዝናብ የሚያገኘውንም የማያገኘውንም ጎን ይፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ የሚብሰው በጥላ ሥር ያለው ደረቁ ጎን ነው።