መልስ፦ ደረት ላይ የሚታሰር ካሜራና የሰው ቁጣ

ለፎቶ ሥራሽ ደረትሽ ላይ አስረሽ የምትሄጂበትን ካሜራ አውርደሽ ወገብሽ ላይ እሰሪው፤ ሌንሱንም ትንሽ ወደ መሬት አዘንብዪው። ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እስከ ታክሲ ተራ ስትሄጂ ካሜራው በየደቂቃው ፎቶ ሲያነሳ «ሰው ፊቱን እየሸፈነ ይቆጣኛል» ላልሽው መፍትሔው ይኸው ነው። ፊት አይገባም። የሚገባው እጅ ነው፤ ፌስታል፣ ጭቃ የነካው ጫማ፣ ጣቶቹ መሃል ብር አጥፎ የያዘ ወያላ። ለእኔ እነዚህ ከፊት በላይ ይናገራሉ።

ፊት የግድ ካስፈለገሽ አስፈቅጂ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 በመርህ ደረጃ የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማሳየትንም ማባዛትንም ይከለክላል።

«የሱቁ ካሜራ ሁላችንንም ሲቀርጽ ግን ማንም አይቆጣም» ያልሽው ትልቅ ነገር ነው። ሥራሽን እሱ ላይ አቁሚው! መንገድሽ ላይ ያሉትን የጥበቃ ካሜራዎች አንድ በአንድ ፎቶ አንሺያቸው፦ የፋርማሲውን፣ የባንኩን በር፣ አጥር ላይ የተሰቀለውን። ካናዳዊው ተመራማሪ ስቲቭ ማን (Steve Mann) ካሜራ ለብሶ የሚቀርጹትን መልሶ ሲቀርጽ ዓመታት የቆየው ለዚሁ ነው።

ከልምዴ አንድ ጥንቃቄ ልንገርሽ። ጥበቃ ያለበት በር ጋ ስትደርሺ ካሜራውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ጥበቃው መጥፋቱን በምን ያውቃል? ክዳን ግጠሚለት፤ ክዳን ከሩቅ ይታያል። ኢራቅ የተወለደው አርቲስት ዋፋ ቢላል እ.ኤ.አ. በ2010 ከጭንቅላቱ ኋላ ካሜራ አስተክሎ በየደቂቃው ፎቶ ሲያነሳ፣ በሚያስተምርበት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በክዳን ይሸፍነው ነበር። ክዳኑን በክር አንጠልጥዪው፤ ታክሲ ውስጥ ከወደቀ አይገኝም።