በጅማ ከተማ ትንሽ ቤት መሥራት፦ አናጢውን ጠይቁት

አናጢው፦ እንደምን ዋላችሁ። 3 በ6 በሆነች ቤት ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ስኖር ዘንድሮ ስድስተኛ ክረምቴ ነው። የምበላው በእንጨት ሥራ ነው። ዛሬ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ ጠይቁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። ዋጋ አትጠይቁኝ፣ ዛሬ የነገርኳችሁ ነገ ይለወጣል። ሁለተኛ፣ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር አትዝጉ።

የመንደራው ልጅ፦ ጋሼ፣ ትንሽ ቤት ለመሥራት ምን ምን ያስፈልጋል?

አናጢው፦ ቦታ፣ እንጨትና ትዕግሥት። እንዲህ ለተጠየቀ ጥያቄ መልሱም እንዲሁ ነው። ስንት ካሬ አለህ? ስንት ሰው ነው የሚገባበት? አፈሩ ቀይ ነው ጥቁር? ይዘህ ና።

የአንድ ልጅ እናት፦ ጋሼ፣ ከቤተሰቦቼ ቤት ኋላ 5 በ8 የሆነ ባዶ ቦታ አለ። ሦስት ነን። አፈሩ ቀይ ነው። ቤቱን በጭቃ ልናሠራው አስበናል። ከምን እንጀምር?

አናጢው፦ ተባረኪ እህቴ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ከጣሪያው ጀምሪ። ሰው ሁሉ ከግድግዳ ይጀምርና ጣሪያውን በተረፈው ቆርቆሮ ይከድናል። እዚህ አገር በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል፣ ጭቃን የሚያፈርሰው ደግሞ ዘመን ሳይሆን ውሃ ነው። ግድግዳሽ 3 በ6 ከሆነ ክፈፉን፣ ማለትም ከግድግዳው አልፎ የሚወጣውን የጣሪያ ጠርዝ፣ በአራቱም በኩል 70 ሴንቲ አውጪው። ጣሪያው 4.4 በ7.4 ይሆናል፣ ቦታሽ ይበቃል፣ ዙሪያውን ለውሃ መውረጃም 30 ሴንቲ ይተርፍሻል።

የኔን ልንገርሽ። መጀመሪያ የሠራልኝ ሰው ክፈፉን አንድ ስንዝር ብቻ አወጣው። እኔም ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ሳላይ ቀረሁ። አንድ ክረምት አለፈ። ከታች በኩል ልስኑ ረግፎ ጭዱ እንደ ጢም ወጣ። አልጋውን ስስበው ከሥሩ እንጉዳይ በቅሏል። የአናጢ ቤት ነው እንግዲህ፣ ሳቁ።

ሁለተኛ፣ መሠረቱ። ድንጋይ ይሁን፣ ከመሬት ቢያንስ 50 ሴንቲ ከፍ ይበል። ጭቃው ከጭድ ጋር በደንብ ይቡካ፣ ሠራተኛው ቢቸኩልም አንቺ አትቸኩዪ። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሳይሰነጣጠቅ ልስን አታስነኪው።

ብሎኬት ይሻላል፦ በዚህ ዘመን ጭቃ? ብሎኬት ደርድሮ መገላገል እያለ።

አናጢው፦ ብሎኬትን አልጠላሁም። ግን ክፈፍ የሌለው ብሎኬትም ውሃ ይጠጣል፣ ከውስጥ ሻጋታ ያወጣል። ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ መሬቱ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱ ካልጠነከረ ብሎኬቱም አብሮ ይሰነጠቃል። ጭቃና እንጨት ትንሽ ይችላሉ።

ኮንቴይነር ፈላጊ፦ አሮጌ ኮንቴይነርስ ጋሼ?

አናጢው፦ ፀሐይ ላይ ምጣድ፣ ማታ ማቀዝቀዣ። ከፈለግክ ግዛ።

ከቆጪ፦ እኔም ስለ ክረምት ነው። የጣሪያ ውሃ ይጠቅማል የሚሉት እውነት ነው?

አናጢው፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። የእህታችን ጣሪያ 32 ካሬ ይሆናል። 10 ሚሊ የዘነበ ቀን 320 ሊትር ወረደላት ማለት ነው። ስድስት ሰባት እንዲህ ያለ ዝናብ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ይሞላል። በዓመት ብታሰሉት ከ40,000 ሊትር ያልፋል። የሚረጨውንና የሚፈሰውን ቀንሱ፣ አሁንም ብዙ ነው። ሦስት ሰው በቀን 60 ሊትር ቢጠቀም አንድ ሮቶ ወር ያቆያል።

አሸንዳው ወደ ሮቶው ትንሽ ዘንበል ይበል። ከደረቅ ወቅት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚመጣ ይፍሰስ፣ አታስገቡት። ሮቶው ክዳኑ ይገጠም፣ አለበለዚያ የወባ ትንኝ ታረባላችሁ። ለመጠጥ አፍሉት። ደግሞ አንድ ነገር፦ 2,000 ሊትር ውሃ 2 ቶን ነው። በአራት ቀጭን ባሕር ዛፍ ላይ የሰቀለው ጎረቤት አለኝ፣ በዚያ በኩል አላልፍም።

ብሎኬት ይሻላል፦ ሮቶው ስንት ሊትር ይሁን?

አናጢው፦ ከላይ ጽፌዋለሁ። አንብብ።

የጅሬን፦ ምስጥ ጨረሰን። የተቃጠለ ዘይት እንቀባ?

አናጢው፦ ሁሉም ይቀባል፣ እኔ አልቀባም። ዝናብ ያጥበውና አፈር ውስጥ ይገባል፣ የጉድጓድ ውሃ ያለው ጎረቤት ይጠጣዋል። ቋሚውን አፈር ውስጥ አትቅበረው፣ ድንጋዩ ላይ አቁመው። በድንጋዩና በእንጨቱ መሃል ቆርቆሮ አንጥፍ፣ ጫፉን በሁለቱም በኩል ወደ ታች እጠፈው። ምስጥ የጭቃ መንገዱን በላዩ ላይ ለመሥራት ሲወጣ በዓይንህ ታየዋለህ፣ ያኔ ታፈርሰዋለህ። ተደብቆ መግባት ነው የሚጎዳው።

ተማሪው፦ ሶላር ገጥሜ ከመብራት ኃይል መገላገል እችላለሁ?

አናጢው፦ ለአምፖል፣ ለስልክ፣ ለትንሽ ቲቪ አዎ። ለእንጀራ ምጣድ ግን እርሳው። ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። ባለ 300 ዋት ፓነል ደርዘን ያህል ያስፈልግሃል፣ እሱም ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። ክረምት ላይ ደመናውን ታውቀዋለህ። ፓነሉን ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል አድርገው፣ ዝናብ ያጥበዋል።

ቡና ወዳዷ፦ እንጀራውስ ይገዛል። 18 ካሬ ውስጥ ቡና የት ይፈላል?

አናጢው፦ በረንዳ። ክፈፉን አንድ ወገን ላይ 1.5 ሜትር አውጪው፣ አለቀ።

የጅሬን፦ ቡና በረንዳ ላይ? ጭሱና እጣኑ ቤት ካልገባ ምኑን ቡና ሆነ?

ቡና ወዳዷ፦ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ደጅ ነው ያፈላችው። የቡና አገር ሰው ነን፣ አንተ ደግሞ አታስተምረን።

የጅሬን፦ ደጅ የሚፈላው ለመንገደኛ ነው።

ኮንቴይነር ፈላጊ፦ ቤቱ ጠባብ ከሆነ ጎረቤት አይጠራማ፣ ለማን ነው የሚፈላው?

ቡና ወዳዷ፦ ጎረቤት በረንዳ ላይ ይቀመጣላ!

አናጢው፦ ጨረሳችሁ? የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። እጣን አያባርረውም። ቤቱ ባነሰ ቁጥር ቶሎ ይሞላል። ዝናብ አስገድዷችሁ ውስጥ ካፈላችሁ በርና መስኮት ከፍታችሁ፣ ሲያልቅ ምድጃውን ወደ ውጭ። ይዛችሁት አትተኙ። ሁለተኛዬ ነው ስናገር።

የአንድ ልጅ እናት፦ ቆጥ ብንሠራ ልጁ እዚያ ይተኛል?

አናጢው፦ ይተኛል። ቆጡ ከወለል 2.1 ሜትር ላይ ይሁን፣ ከላዩም ልጁ ተቀምጦ ጭንቅላቱ እንዳይመታ ቢያንስ 1 ሜትር ይኑር። ቆርቆሮ ቀን ይፋጃል፣ ስለዚህ ኮርኒስ ምቺና በላዩ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተዪ። ረጅሙን ግድግዳ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ አዙሪው፣ የጠዋትና የማታ ፀሐይ አጭሩን ብቻ ይመታዋል። መሰላሉ ሥር መሳቢያ ይገባል፣ ያን ለብቻው እጽፍልሻለሁ።

ከቆጪ፦ ሽንት ቤቱስ?

አናጢው፦ የኔ ሥራ አይደለም። የሚያውቅ ጠይቅ፣ ፈቃዱን ከማዘጋጃ ቤት።

ብሎኬት ይሻላል፦ ጠቅላላው ስንት ብር ይፈጃል?

አናጢው፦ ...

የመንደራው ልጅ፦ ጋሼ ተመለስኩ። 4 በ4 ነው፣ አራት ሰው፣ ጥቁር አፈር። ቦታው አዌቱ አጠገብ ነው።

አናጢው፦ ከወንዙ ምን ያህል ይርቃል?

የመንደራው ልጅ፦ ድንጋይ ብወረውር ውሃው ውስጥ ይወድቃል።

አናጢው፦ እዚያ አትሥራ። ሌላ ቦታ ስታገኝ ና፣ ጣሪያውን በነፃ እስልልሃለሁ።