ከምድር ውጭ ሕይወትን ለማጥናት የትኛው ዲፓርትመንት ይሻላል?

ደሴ የምትማሪ ፍሬሽማን ነሽ። የዲፓርትመንት ምርጫ ደርሷል። ከምድር ውጭ ሕይወት ይኖር እንደሆነ ማጥናት ትፈልጊያለሽ፤ ቤተሰብ ግን «በዚህ እንጀራ አይበላም» አለሽ። ፊዚክስ ልሙላ ወይ ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ።

እህቴ፣ እኔ ባዮሎጂን አስቀድሚ እላለሁ። በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ከ5,000 በላይ ፕላኔቶች ተገኝተዋል። ሕይወት ግን እስካሁን አንዳቸውም ላይ አልተገኘም። ዕድሉ ስንት ነው ብትዪ በቁጥር የሚመልስልሽ የለም፤ ሕይወት እንዳለባት የምናውቀው ምድርን ብቻ ነውና። ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች ሕይወት የት ድረስ ትችላለች፣ የትስ ያቅታታል ብለው እዚሁ ምድር ላይ ይፈትሻሉ።

ከሚፈትሹባቸው ቦታዎች አንዱ አገራችን ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርገሽ ስትወርጂ አፋር ትገቢያለሽ፤ ወደ ሰሜን ርቆ ዳሎል አለ። ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎቹ ጨውም አሲድም የበዛባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ቡድን እዚያ የጥቃቅን ሕዋሳት ምልክት አገኘሁ አለ። ሌላ ቡድን ደግሞ በጣም አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ሕይወት የለም አለ። ሕዋስ የሚመስሉ የማዕድን ቅንጣቶች እንዳሉም አሳየ። ይህ ክርክር በጣም ደስ ይለኛል። ውሃ ስላለ ብቻ ሕይወት አለ እንዳንል ያስጠነቅቀናል፤ ነገ የማርስ ናሙና ሲመረመርም ይኸው ጥያቄ ይነሳል።

የቤተሰብሽ ስጋት ግን እውነት አለው። በባዮሎጂ ዲግሪ ብቻ ሥራ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ማይክሮባዮሎጂ (የጥቃቅን ሕያዋን ጥናት) እና የላብ ሥራ ላይ በርቺ፤ ስታቲስቲክስና ትንሽ ፕሮግራሚንግም ጨምሪ። ውሃ የሚመረምር ላብራቶሪም ሆነ ኮምቦልቻ ያለው ቢራ ፋብሪካ ይህን ሙያ ይፈልጋል። ማስተርስ እስክትማሪ እንጀራሽ ከዚያ ይወጣል።

ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ማይክሮባዮሎጂ የሚያስተምሩ መምህር ፈልጊና ላብ ያላቸው ቀን ገብቼ ልይ በያቸው። ከጣት የመጣ ባክቴሪያ ፔትሪ ዲሹ (ባክቴሪያ የሚያበቅሉበት ጠፍጣፋ ሳህን) ላይ በቅሎ ናሙናውን ሲያበላሽ ታያለሽ። ይህን ለመከላከል የሚደረገው ጥንቃቄ ደስ ካለሽ ባዮሎጂን አንደኛ ሙዪ። ካሰለቸሽ ኬሚስትሪ ወይም ጂኦሎጂ ይሻልሻል፤ በእነሱም በኩል ወደዚህ ጥናት ይገባል።