«ልዩ ፍጥረትም ቢሆን»፦ በሰማይ መብራት ለተጨነቀች እኅት የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምኖረው አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ነው። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። እዚህ በሰማይ ላይ መብራት ታየ ተብሎ አገር በታመሰበት ሰሞን እኔም ከሥራ ስወጣ ከፓርኪንጉ በላይ ሦስት መብራት አየሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዩፎ የሚያወራ ቪዲዮ ሳላይ አልተኛም፤ ካየሁ ደግሞ እንቅልፍ የለም። አንዱ «አጋንንት ናቸው» ይላል። ሌላው «መጽሐፈ ሔኖክ ላይ የተጻፉት ናቸው» ይላል። እውነት ሌላ ዓለም ላይ ፍጡር ቢገኝ ሃይማኖታችን ምን ሊሆን ነው? ልቤ ድው ድው ይላል። ብቻዬን መኪናዬ ድረስ መሄድ ፈራሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ መልእክትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ብቻዬን መኪናዬ ድረስ መሄድ ፈራሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ አረጋውያን ስታገላብጪ አድረሽ፣ ቁልፍሽን በእጅሽ ይዘሽ፣ በር ላይ ቆመሽ ሽቅብ ስታዪ ታየኝ። ስለዚህ ከመብራቱ እንጀምር።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 አንቺ ባለሽበት አካባቢ ኤፍ ቢ አይ ከ5,000 በላይ ጥቆማ ደርሶት ነበር። ከሌሎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆኖ መግለጫ ሰጠ። ሰዎች ያዩት በሕግ የተፈቀደ ድሮን፣ የፖሊስ ድሮን፣ አውሮፕላን፣ ሄሊኮፕተር ነው አለ። አንዳንዱ ደግሞ ኮከብ ነበር። አስቢው እስኪ፤ ያው ከድሮ ጀምሮ የነበረው ኮከብ። ሰው ፈርቶ ቀና ሲል የኖረበት ሰማይ እንኳ ባዕድ ይሆንበታል። ስታርሊንክ የሚባሉት ሳተላይቶችም አዲስ ሲወነጨፉ እንደ መቁጠሪያ ተሰድረው ያልፋሉ፤ ላላወቀው ያስደነግጣሉ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር፣ ፔንታጎን፣ በማርች 2024 ባወጣው ሪፖርት ከ1945 ጀምሮ ስለ ዩፎ ያለውን መርምሮ፣ ከሌላ ዓለም ለመጣ ቴክኖሎጂ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። ምንነታቸው ያልተለየ ነገሮች ዛሬም አሉ። ግን ያልተለየ ነገር ሁሉ ሊያጠፋን የመጣ አይደለም። የሦስቱን መብራት ምንነት እኔም ከዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም፤ ሳታውቂውም በሰላም ማደር ትችያለሽ።

«አጋንንት ናቸው» ለተባለው፦ አጋንንት እንዳሉ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። ሰይጣን የብርሃን መልአክ እስኪመስል ራሱን እንደሚለውጥ ቅዱስ ጳውሎስም ጽፏል። ነገር ግን ያላወቅነውን መብራት ሁሉ ጋኔን ነው ብሎ ማወጅ ለጋኔን የማይገባውን ሥልጣን መስጠት ነው። በዚህ ነገር ከእኛም ሰባኪዎች በአንዳንዶቹ አዝናለሁ። እናቶችን እንቅልፍ ነስቶ ተመልካች ማብዛት ወንጌል አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስ ምን እንዳለ ስሚ፦ «የአሕዛብን መንገድ አትማሩ፥ ከሰማይ ምልክትም አትፍሩ፥ አሕዛብ ይፈሩታልና።» ይሄ ቃል ለአንቺ የተጻፈ ያህል ነው።

የሔኖክ ነገር ትንሽ ያቆየኛል፣ ምክንያቱም መጽሐፉ የእኛ ነው። ሙሉው በግእዝ የተጠበቀው በእኛ አባቶች ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ይዞ እስኪሄድ ድረስ አውሮፓ ሙሉውን አያውቀውም ነበር። ዛሬ ግን መጽሐፉን ትናንት ያገኙት ሰዎች ወደ ሰው ሴቶች ልጆች ወረዱ የተባሉትን «ትጉሃን» አንሥተው ከሌላ ኮከብ የመጡ ናቸው ይላሉ። ያንኑ ቪዲዮ ተርጉመን እኛው ለእኛው እናጋራዋለን! የእኛ ሊቃውንት በአንድምታ ሲተረጉሙ፣ ወደ ሰው ሴቶች ልጆች የወረዱት በደብር ቅዱስ ይኖሩ የነበሩት ደቂቀ ሴት፣ የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች፣ ናቸው፣ ወደ ቃየን ልጆች ወርደው ወደቁ ይላሉ። ሰዎች ናቸው። ታሪኩ የሰው መውደቅ ታሪክ ነው።

ያንኑ መጽሐፍ ከምዕራፍ 72 ጀምሮ አንብቢው። ሔኖክ ሰማይን ያያል። ፀሐይ በየትኛው ደጅ እንደምትወጣ፣ ጨረቃ እንዴት እንደምትጎድልና እንደምትሞላ ይቆጥራል። ብቻውን ግን አይደለም፤ መልአኩ ዑራኤል አጠገቡ ሆኖ ያሳየዋል። ሰማዩ ሥርዓት አለው፣ ሰውየውም መሪ አለው። ከሔኖክ ይህን ትተን የሚያስፈራውን ብቻ መምረጣችን ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ሌላ ፍጡር ቢገኝስ? በስድስቱ ቀን ስለተፈጠሩት 22 ሥነ ፍጥረታት ተምረናል። በሌላ ዓለም ስላለ ሌላ አእምሮ ያለው ፍጡር የተገለጠልን ነገር የለም፤ ስላልተገለጠልን ነገር አለም የለምም ብለን አንምልም። «ምሥጢሩ ለአምላካችን ለእግዚአብሔር ነው» ይላል ኦሪት ዘዳግም። ሃይማኖታችን ግን የቆመው ሰማዩ ባዶ ነው በሚል ግምት ላይ አይደለም። በየቅዳሴው «የሚታየውንና የማይታየውን በፈጠረ» ብለሽ ትመሰክሪያለሽ። ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች ይህን ሲያጸኑ ከማይታየው ወገን ያስቀሩት ነገር አልነበረም። ጳውሎስም በሮሜ 8 ሞትን፣ መላእክትን፣ ኃይላትን፣ ከፍታን፣ ዝቅታን ከቆጠረ በኋላ «ልዩ ፍጥረትም ቢሆን» ከክርስቶስ ፍቅር ሊለየን እንደማይችል ይናገራል። ያላሰብነው ፍጡር ቢመጣ እንኳ ከዚህ ቃል ውጭ አይሆንም።

ቆሎ ተማሪ ሳለሁ ማታ ኮከብ ሲወረወር «ትልቅ ሰው ሞተ» ይሉን ነበር። እኔ ትንሽ ስለነበርኩ ጎጆ ውስጥ ገብቼ ደበሎዬን እከናነባለሁ። አንድ ማታ የኔታ ጠርተው ውጭ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትንና የዘመንን ስሌት፣ የሚቆጥሩባትን ጣታቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ቁጠር» አሉኝ። ሃያ ምናምን ላይ ጠፋብኝ። «አንተ ጠፋብህ፤ እርሱ በየስማቸው ይጠራቸዋል» አሉኝ። ዳዊት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ፍርሃቴ በአንድ ማታ አልለቀቀኝም፤ ግን ከዚያ በኋላ ስፈራ እወጣና እቆጥር ነበር።

አንቺም እንደዚያ በጥቂቱ ጀምሪ። ስልክሽ ከምትተኚበት ክፍል ውጭ ይደር። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ፍርሃትሽን በየሌሊቱ የሚቀልበው እርሱ ነው። በቪዲዮው ፋንታ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገሚ፣ መዝሙር 90ንም ጨምሪ። «ከሌሊት ግርማ» የምትለው ቦታ ላይ ስትደርሺ ቀስ በይ። ለንስሐ አባትሽ ሁሉንም ንገሪያቸው፣ የምታዪውን ቪዲዮ ጭምር። ልብ መምታቱና እንቅልፍ ማጣቱ ካልተወሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ይህ እምነት ማጣት አይደለም። መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ ሲራክ ጽፎልናል። ጠበሉም ክኒኑም አይጣሉም።

ዛሬ ከፈረቃ ስትወጪ የምትቀርቢው የሥራ ባልደረባ ካለች መኪናሽ ድረስ አብራሽ ትሂድ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ከዚያ አንድ ቀን ብቻሽን ሞክሪው። በሩን ከመክፈትሽ በፊት አማትቢና ቀና በይ። የቻልሽውን ያህል ቁጠሪ። ሲጠፋብሽ ግቢና ሞተሩን አስነሺ። ቤትሽ ስትደርሺ ስንት ላይ እንደጠፋብሽ ጻፊልኝ።